ጅሬን ላይ ሆኖ የጅማን ጀንበር ማንሳት፦ የተለያየ ብርሃን ያላቸውን ፍሬሞች በእጅ ስለማዋሃድ

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው የጅማ ነዋሪ ናቸው፤ አመሻሽ ላይ ጅሬን ኮረብታ ወጥተው፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አጠገብ ሆነው ወደ ከተማው ፎቶ ያነሳሉ። ካሜራውን ለሰማዩ ሲያስተካክሉት ከተማው ይጠቁራል፤ ለከተማው ሲያስተካክሉት ሰማዩ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በሁለት ሁለት ስቶፕ ልዩነት (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በእጥፍ መጨመሩ ወይም በግማሽ መቀነሱ ነው) ሦስት ፍሬም፣ ማለትም ሦስት ፎቶ፣ አንስተው ፍሬሞችን በራሱ ለሚያዋህድ አንድ የኤች ዲ አር ፕሮግራም ሰጡት፤ የወጣው ግን አመድማ ሰማይ ሆነ፣ በዛፎቹና በጣሪያው ጠርዝ ዙሪያም የሚያበራ ነጭ መስመር ተሰመረበት። የጠየቁት ሦስት ነገር ነው፦ ይህን በእጅ መሥራት የሚቻለው እንዴት ነው? ስንት ፍሬም ያስፈልጋል? ካሜራዬንስ መቀየር አለብኝ ወይ?

ከነጩ መስመር ልጀምር፤ ከየት እንደሚመጣ ካልታወቀ በእጅ ሲሠሩም ተመልሶ መምጣቱ አይቀርምና። የኤች ዲ አር ፕሮግራም ሁለት ሥራ ይሠራል። መጀመሪያ ከሦስቱም ፍሬም የብርሃኑን መረጃ አንድ ላይ ይሰበስባል፤ ቀጥሎ ያንን ሰፊ መረጃ ስክሪንና ወረቀት ሊያሳዩት በሚችሉት ጠባብ ክልል ውስጥ እንዲገባ ያጠበዋል። ችግር የሚፈጠረው በሁለተኛው ሥራ ላይ ነው። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ነጥብ ከአካባቢው አማካይ ብርሃን ጋር እያነጻጸረ ጨለማውን ከፍ፣ ብሩሁን ዝቅ ያደርጋል። ጥቁር ጣሪያ ከብሩህ ሰማይ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ግን «አካባቢ» የሚለው ግማሹ ጣሪያ፣ ግማሹ ሰማይ ስለሚሆን፣ ለጣሪያው ታስቦ የተጨመረው ብርሃን ድንበሩን አልፎ ወደ ሰማዩ ይፈሳል። ሰማዩ አመድማ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ፕሮግራሙ ምድርንና ሰማይን ወደ ተቀራራቢ ብርሃን ስለሚጎትታቸው ሁለቱም ኃይላቸውን ያጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 መርተንስ፣ ካውትዝ እና ቫን ሪት ያቀረቡት፣ ኤንፊዩዝ የተባለው ነጻ ፕሮግራም የሚሠራበት የማዋሃጃ ዘዴ ይህን ችግር በእጅጉ ይቀንሳል፤ ነገር ግን እሱም ቢሆን ከትዕይንቱ ውስጥ የትኛው ለእርስዎ ዋና እንደሆነ አያውቅም።

በእጅ ማዋሃድ ማለት ከየትኛው ፍሬም የትኛው ክፍል እንደሚወሰድና ድንበሩ በየት በኩል እንደሚያልፍ ራስዎ መወሰን ማለት ነው። ይህን እንደ ኮምፒዩተር ዘመን ማጭበርበር የሚቆጥሩ ሰዎች ያጋጥማሉ፤ ነገር ግን ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ለባሕሩ አንድ፣ ለሰማዩ ሌላ የመስታወት ኔጋቲቭ እያነሳ ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ ያትም ነበር። የዚያን ዘመን ኬሚካል ለሰማያዊ ብርሃን ከመጠን በላይ ስሱ ስለነበረ ሰማዩ ሁልጊዜ ይቃጠልበት፣ ማለትም ዝርዝሩ ጠፍቶ ይነጣበት ነበርና። የእርስዎ ችግር የእሱ ችግር ነው፤ መፍትሔውም በመሠረቱ አልተለወጠም።

አሁን ወደ ጅሬን እንምጣ። ቤተ መንግሥቱ ከከተማው መሃል በሰሜን ምሥራቅ በኩል ስለሆነ፣ ወደ ከተማው ሲመለከቱ ፊትዎ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይዞራል። በታኅሣሥ ወር ደግሞ ጀንበር የምትጠልቀው ከትክክለኛው ምዕራብ 24 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ ነው። በዚህ ወቅት ከፀሐይዋ ጋር ፊት ለፊት ነዎት ማለት ነው፤ ወደ እርስዎ የዞረው የኮረብታው ገጽ፣ የዛፎቹና የቤቶቹ ግድግዳ በሙሉ ጥላ ውስጥ ይሆናል። በግንቦትና በሰኔ ግን ጀንበሯ ወደ ሰሜን ምዕራብ ትሄዳለች፤ ብርሃኑ ከቀኝ ጎን ስለሚመጣና ሰማዩም አብዛኛውን ጊዜ ደመናማ ስለሚሆን ልዩነቱ ይቀንሳል። የጥያቄዎ ትዕይንት አስቸጋሪ የሆነው በአብዛኛው ከዚህ አቅጣጫ የተነሳ ነው።

 የዛሬ ጥሩ ባለ ሙሉ ፍሬም ካሜራዎች በዝቅተኛው አይ ኤስ ኦ (የካሜራው የብርሃን ስሜት መጠን) እስከ 14 ስቶፕ ገደማ የሚደርስ ልዩነት በአንድ ሮው ፋይል፣ ማለትም ካሜራው የሴንሰሩን መረጃ ሳያስተካክል በሚያስቀምጥበት ፋይል፣ ይይዛሉ፤ ቆየት ያሉት ወደ 11 ወይም 12 ይጠጋሉ። ፀሐይዋ ራሷ ከገባችበትና ከፊት ያለው ሁሉ ጥላ ከሆነበት ትዕይንት ይህ ያንሳል። ነገር ግን ሁሉም ምሽት ማዋሃድ የሚፈልግ እንዳይመስልዎት። በበጋው አጋማሽ ጭስና አቧራ አየሩን ሲሸፍነው ሩቁ ኮረብታ ራሱ ስለሚነጣ ልዩነቱ ይለዝባል፤ በመስከረም ዝናብ አየሩን ካጠበው በኋላ ደግሞ ጥላው ጠልቆ፣ ሰማዩ ደምቆ ይታያል። መፈተሻው ቀላል ነው። ሰማዩ ሳይቃጠል አንድ ሮው ፍሬም ያንሱ፤ ቤት ገብተው ጥላውን ሦስት ስቶፕ ያህል ከፍ ያድርጉት። ቀለሙ ካልተበላሸና አሸዋ መሰል ነጠብጣብ ካልፈላበት በዚያች አንድ ፍሬም ይብቃዎት። አንድ ፍሬም የሚበቃውን ትዕይንት ከሦስት ፍሬም መገጣጠም ሥራን ማብዛት እንጂ ጥራት አይጨምርም።

የሚያስፈልግ ሆኖ ከተገኘ ግን ቦታው ላይ የሚሠራው ሥራ ከኮምፒዩተሩ ሥራ ይበልጣል። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ይቀመጥ፤ ትራይፖዱ ላይ ሆኖ የሌንሱ የመንቀጥቀጥ መከላከያ ይጥፋ፤ ፎከሱ አንዴ ከተያዘ በኋላ ወደ ማንዋል ይዙር። አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 8 ወይም ኤፍ 11 ላይ፣ አይ ኤስ ኦውን 100 ላይ፣ ዋይት ባላንሱንም (የቀለም ሚዛኑን) አንድ ቦታ ላይ ያቁሙ። የሚለዋወጠው የሻተሩ ፍጥነት፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበት የጊዜ ርዝመት፣ ብቻ መሆን አለበት። አፐርቸሩ ከተቀየረ ከፊትና ከኋላ ያለው የጥራት ክልል ይለወጣል፤ የፍሬሙ ማዕዘኖች የመጥቆር መጠንም አብሮ ስለሚለወጥ ሁለቱ ፍሬሞች በትክክል አይገጥሙም። ለምሳሌ ለሰማዩ 1/250 ሰከንድ ከተስማማዎት፣ ለከተማው 1/60፣ ለፊት ለፊቱ ሣርና ዛፍ 1/15 ቢያነሱ በሁለት ሁለት ስቶፕ የተራራቁ ሦስት ፍሬሞች ይኖሩዎታል። ካሜራዎ ይህን በራሱ ተራ በተራ የሚያነሳበት ብራኬቲንግ የሚባል አሠራር ስላለው ይጠቀሙበት፤ ሻተሩንም በጣት ከመጫን በሪሞት ወይም በ2 ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪ ያስነሱት።

ፍጥነት ያስፈልጋል። ጅማ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ጀንበሯ ወደ ታች የምትወርደው በቀጥታ በሚባል አኳኋን ነው። በታኅሣሥ አጋማሽ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ትጠልቃለች፤ ከዚያ በኋላ መሬቱን በዓይን ለመለየት የሚያስችለው ብርሃን ግማሽ ሰዓት እንኳ አይቆይም። በዚያች ጊዜ ውስጥ ብርሃኑ በየጥቂት ደቂቃው አንድ ስቶፕ ስለሚወርድ፣ የሰማዩን ፍሬም አንስተው ስልክ አናግረው የመሬቱን ፍሬም ቢያነሱ ሁለቱ የአንድ ቅጽበት ፎቶዎች አይሆኑም፤ ቀለማቸውም አይታረቅም።

የፍሬሞቹን ብዛት በተመለከተ የኔ አቋም ግልጽ ነው፦ የሚበቃው ትንሹ ቁጥር ከሁሉ ይሻላል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ይበቃል፤ ፀሐይዋ ፍሬሙ ውስጥ ካለች ሦስት ያስፈልጋል። በአንድ አንድ ስቶፕ ሰባትና ዘጠኝ ፍሬም የማንሳት ልማድ የመጣው ከአውቶማቲኩ ፕሮግራም ነው፤ ለእጅ ሥራ ትርፉ ጥቂት፣ ጉዳቱ ብዙ ነው። እያንዳንዱ ሮው ፋይል ሰፊ ክልል ስለሚይዝ በሁለት ስቶፕ የተራራቁ ፍሬሞች እርስ በርስ በደንብ ይደራረባሉ። ቁጥሩ በበዛ መጠን ደግሞ በነፋስ የሚወዛወዘው ቅጠል፣ የምትበረው ወፍና የሚያልፈው ባጃጅ በየፍሬሙ የተለያየ ቦታ ላይ ይገኛሉ። የሚፈትሹት ሂስቶግራሙን፣ ማለትም ጨለማው በግራ፣ ብሩሁ በቀኝ ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳየውን የካሜራውን ግራፍ ነው። በጨለማው ፍሬም ላይ ግራፉ የቀኙን ግድግዳ መንካት የለበትም፤ የፀሐይዋ ክብ ራሷ ብትቃጠል ግን ግድ የለም፣ በዓይንም ቢሆን ዝርዝር አይታይባትም። በብሩሁ ፍሬም ላይ ደግሞ ግራፉ ከግራው ግድግዳ ይላቀቅ፤ በዚህ ፍሬም ሰማዩ ሙሉ በሙሉ ቢነጣ አያሳስብዎት፣ ከዚያ የሚወስዱት ጥላውን ብቻ ነውና። ጥላን ከብሩህ ፍሬም መውሰድ ዋና ጥቅሙ ንጽሕናው ነው፤ ሴንሰሩ ብዙ ብርሃን ስለተቀበለበት ጨለማ ፍሬምን በግድ ሲያበሩት የሚፈላው ነጠብጣብ አይኖርበትም።

ቤት ሲገቡ ሮው ፋይሎቹን በአንድ ዓይነት ቅንብር ይክፈቱ። የሌንስ እርማቱ በሁሉም ላይ አንድ ይሁን፤ በአንዱ ላይ በርቶ በሌላው ላይ ከጠፋ መስመሮቹ አይገጥሙም። ጥላና ብርሃኑን አሁኑኑ ለማስተካከል አይቸኩሉ፤ ፍሬሙ ጠፍጣፋ ሆኖ ቢወጣ ይሻላል። ወደ ፎቶሾፕ በ16 ቢት አስገብተው እያንዳንዱን ፍሬም እንደ አንድ ሌየር ደራርበው ያሰልፏቸው። ጊምፕ የተባለውን ነጻ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም የሚጠቀም ሰው ፍሬሞቹን አስቀድሞ ሁጊን ከተባለው ነጻ ፕሮግራም ጋር በሚመጣው የማሰለፊያ መሣሪያ ማሰለፍ ይኖርበታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው አሠራር በሁለቱም ተመሳሳይ ነው።

ከታች የሚቀመጠው ሌየር ለከተማው የተስማማው መካከለኛ ፍሬም ይሁን። በላዩ የሰማዩን ጨለማ ፍሬም ያድርጉና ጥቁር ማስክ ይስጡት። ማስክ ላይ ጥቁር ይደብቃል፣ ነጭ ያሳያል፣ ግራጫው እንደ መጠኑ ከፊሉን ያሳያል። ሰማዩ ክፍት በሆነበት፣ ወደ ሩቁ ኮረብታም በጭጋግ ቀስ እያለ በሚወርድበት ክፍል ትልቅና ለስላሳ ብራሽ ፍሎውን (በአንድ ማለፍ የሚወጣውን የቀለም መጠን) ከ10 እስከ 20 በመቶ አድርገው በነጭ ደጋግመው ቢያልፉበት ይበቃል። ብራሹ ትልቅ ይሁን ስል ለይስሙላ አይደለም፤ ትንሽ ብራሽ በሰማይ ላይ የእጅን አካሄድ ጥሎ ይሄዳል። አድማሱ ቀጥ ያለ መስመር ቢሆን ኖሮ ሌንሱ ፊት የሚገጠም ግማሽ ጥቁር ፊልተርም ይህንኑ ያደርግ ነበር፤ ጅማ ግን በኮረብታ የተከበበች ናት፣ ከፊትዎም ዛፍና ጣሪያ አድማሱን ይሰብሩታል። ፊልተር ሲያደርጉ የጣሪያው ራስና የዛፉ ጫፍ ከሰማዩ ጋር አብረው ይጠቁራሉ።

በጣሪያውና በዛፎቹ ጠርዝ ላይ ለስላሳ ብራሽ አይሠራም። የእርስዎ ነጭ መስመር በእጅም ሊፈጠር የሚችለው እዚህ ነው፤ ብራሹ ከጠርዙ ሳይደርስ ከቆመ የብሩሁ ፍሬም ሰማይ እንደ ቀጭን ሪባን ይቀራል፣ ካለፈ ደግሞ ጣሪያው ይጠቁራል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው አሜሪካዊው የመልክዓ ምድር ፎቶ አንሺ ቶኒ ካይፐር በሰፊው ያስተዋወቀው የሉሚኖሲቲ ማስክ ነው። ይህ ማስክ ከፎቶው ከራሱ ብርሃን የሚሠራ ወንፊት ነው ማለት ይቻላል፤ ብሩህ የሆነው ነጥብ ብዙ ያሳልፋል፣ ጨለማው ይከለክላል፣ መካከለኛው እንደ መጠኑ ይሰጣል። ድንበሩን የሚያበጀው የእርስዎ እጅ ሳይሆን ብርሃኑ ራሱ ስለሆነ በቅጠሎች መካከል ያለችው ቀዳዳ ሁሉ ሳትቀር ትለያለች። በፎቶሾፕ መካከለኛው ፍሬም ብቻ እንዲታይ አድርገው ኮንትሮል፣ ኦልትና 2ን አብረው ቢጫኑ የብሩሁ ክፍል ሴሌክሽን (ተመርጦ የተከለለ ክፍል) ይወጣል። ሰማዩ ብቻ እንዲቀር ማጥበብ ከፈለጉ ኮንትሮል፣ ኦልትና ሺፍትን ይዘው በቻናሎች ፓነል ላይ አር ጂ ቢ የሚለውን ይጫኑ፤ በደገሙት ቁጥር ሴሌክሽኑ ወደ ይበልጥ ብሩሁ ይጠባል። በጊምፕ ደግሞ ለሌየሩ ማስክ ሲጨምሩ የሌየሩን ግራጫ ቅጂ እንዲጠቀም ማዘዝ ይቻላል፤ ከዚያ ማስኩን ሌቭልስ በተባለው የብርሃን ማስተካከያ ማጥበቅ ነው።

ብዙ ማብራሪያዎች እዚህ ላይ ሴሌክሽኑን በቀጥታ ወደ ማስክ ቀይሩት ይላሉ። በጅማ ፎቶ ላይ ይህን አልመክርም፤ ምክንያቱም ከተማው በቆርቆሮ ጣሪያ የተሞላ ነው። በጀርባ ብርሃን የሚያብለጨልጭ ቆርቆሮ ለሉሚኖሲቲ ማስክ ከሰማይ አይለይም፤ ስለዚህ የሰማዩ ጨለማ ፍሬም በየጣሪያው ላይ ይገባና ከተማው በግራጫ ጥፍጥፍ ይሞላል። የሚሻለው ሴሌክሽኑ በርቶ እያለ በጥቁሩ ማስክ ላይ በነጭ ብራሽ በእጅ መቀባት፣ ያውም ሰማዩና ጠርዙ ላይ ብቻ ነው። የሚንቀሳቀሱት ነጠብጣብ መስመሮች እይታዎን እንዳይረብሹ ኮንትሮልና ኤችን ተጭነው ይሰውሯቸው፤ ሴሌክሽኑ ግን መሥራቱን ይቀጥላል። በዚህ መንገድ የት እንደሚቀባ የሚወስኑት እርስዎ ይሆናሉ፤ በዚያ ቦታ ላይ ምን ያህል እንደሚገባ የሚወስነው ብርሃኑ ይሆናል።

ዛፎቹ ለብቻቸው ሁለት ቃል ይገባቸዋል። በብሩሁ ፍሬም ላይ የሰማዩ ብርሃን በቅጠሎቹ ጠርዝ ላይ ስለሚፈስ ቅጠሎቹን ይበላቸዋል፤ ያው ቅርንጫፍ በጨለማው ፍሬም ላይ ወፍራም፣ በብሩሁ ላይ ቀጭን ሆኖ ይገኛል። ነፋስ ካለ ደግሞ ቦታውም ይለያያል። ስለሆነም ሰማይን ተደግፎ የቆመ የዛፍ ጫፍ ከሰማዩ ጋር ከአንድ ፍሬም ይወሰድ፤ ጥቁር ሆኖ ቢቀርም ይቅር። የዛፉን ግንድና የውስጡን ቅጠል ከብሩሁ ፍሬም ትንሽ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ጫፉን ግን አይንኩት። ጀንበር ከኋላው የምትጠልቅ ዛፍ በዓይንም የሚታየው ጥቁር ሆኖ ነው፤ እያንዳንዱ ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ እንዲበራ ማድረግ ተመልካቹን ያስደነግጠዋል እንጂ አያስደስተውም። ይህን ሁሉ አድርገው በጠርዙ ላይ ቀጭን ብርሃን ከቀረ፣ የክሎን መሣሪያውን ወደ ዳርከን ሁነታ ቀይረው ከአጠገቡ ካለው ሰማይ ቀለም በመውሰድ ቢያልፉበት የሚጨልመው ብሩሁ መስመር ብቻ ነው።

በእኔ እይታ በእጅ የተዋሃደ ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ የሚከሽፈው በማስክ ጉድለት አይደለም። የሚከሽፈው የብርሃን ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ነው። በዚያች ሰዓት በጅሬን ላይ ከሁሉ ብሩሁ ሰማዩ ነው፤ ከዚያ ጭጋግ የለበሰው ሩቅ ኮረብታ፣ ከዚያ ከተማው፣ መጨረሻ ላይ ከእግርዎ ሥር ያለው ሣር ይከተላሉ። ሦስት ፍሬም በእጅዎ ሲኖር ሣሩን ከሰማዩ በላይ ማብራት ይቻላል፤ ፈተናውም ይህ ነው። ልዩነቱን ማጥበብ ይገባል፣ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ግን ፎቶውን ሐሰተኛ ያደርገዋል፤ ተመልካቹ ለምን እንደሆነ ባይናገርም ይሰማዋል። በውኃ ላይ ይህ ይበልጥ ይታያል። በቦዬ ረግረግም ሆነ በግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ላይ የሚንጸባረቀው ሰማይ ከእውነተኛው ሰማይ ሁልጊዜ ያነሰ ብርሃን አለው፤ ከሚወድቅበት ብርሃን ከፊሉ ወደ ውኃው ውስጥ ይገባልና። ሰማዩን ከጨለማው፣ ውኃውን ከብሩሁ ፍሬም የወሰደ ሰው ነጸብራቁ ከምንጩ በላይ እንዲያበራ ያደርጋል። ለቀለሙም ይጠንቀቁ፦ ጥላ ውስጥ ያለው ምድር ብርሃኑን የሚያገኘው ከራስዎ በላይ ካለው ሰማያዊ ሰማይ ስለሆነ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ያንን ቅዝቃዜ ትንሽ ይተዉለት፤ ሙሉ በሙሉ ካሞቁት ከብርቱካናማው ሰማይ ጋር ያለው ንጽጽር ይጠፋል።

ጥያቄዎ ስለ ጀንበር ቢሆንም፣ ትራይፖዱ ከተተከለ አይቀር ግማሽ ሰዓት ቆይተው የከተማውን መብራት ቢያነሱ ይህ አሠራር ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው እዚያ ነው። መብራት ካልጠፋ ማለቴ ነው። ሰማዩ ጥልቅ ሰማያዊ ሲሆን አንድ መሠረት የሚሆን ፍሬም ያንሱ፤ የመንገድ መብራቶቹ በዚህ ፍሬም ላይ ነጭ ሆነው ስለሚቃጠሉ ለእነሱ ሁለትና ሦስት ስቶፕ የጨለመ ሌላ ፍሬም ይጨምሩ። የአምፖሉን ዙሪያ ከጨለማው ፍሬም በሉሚኖሲቲ ማስክ ሲያስገቡት ብርሃኑ ቅርጽና ቀለም ያገኛል። ከተማው ውስጥ ወዳለው ሄርማታ ሰፈር ወርደው ከመንገድ ዳር ሲያነሱ ደግሞ ከ1/50 ሰከንድ የፈጠነ ሻተር አይጠቀሙ፤ የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙዎቹ መብራቶች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ፣ በፈጣን ሻተር አንዱ ፍሬም ደምቆ ሌላው ደብዝዞ ይወጣል። የባጃጆቹን የመብራት መስመር ማከል ካማረዎት ከ5 እስከ 10 ሰከንድ የሚቆዩ ፍሬሞችን አንስተው ሌየራቸውን በላይትን ሁነታ ያድርጉት፤ በዚያ ሁነታ ከሥሩ ካለው ይልቅ ብሩህ የሆነው ብቻ ስለሚታይ ማስክ እንኳ ብዙም አያስፈልግም። የመብራቶቹ ቢጫ ከሰማዩ ሰማያዊ ጋር አልታረቅ ካለ፣ ያንኑ ሮው ፋይል በሁለት የተለያየ ዋይት ባላንስ ሁለት ጊዜ አውጥቶ ማዋሃድ ይፈቀዳል፤ ይህ ተጨማሪ ፍሬም አይጠይቅም፣ የመገጣጠም ችግርም የለበትም።

ሥራው ሲያልቅ ወዲያው አያትሙት። ፎቶውን ግራ ቀኝ ገልብጠው፣ አሳንሰውም ይመልከቱት፤ ሳይገለበጥ የለመደው ዓይን ያለፈውን ጉድለት ሲገለበጥ ያገኘዋል። ሌየሮቹ ያሉበትን ፋይል እንዳለ ያስቀምጡ፤ ለሌላ ሰው ለመላክ ወይም ስክሪን ላይ ለማሳየት ሲሆን ብቻ ወደ 8 ቢት ጄፔግ ይቀይሩት፣ የቀለም ክልሉንም ኤስ አር ጂ ቢ ያድርጉት፤ አለበለዚያ በሌላ ሰው ስልክ ላይ ቀለሙ የገረጣ ሊሆን ይችላል።

ካሜራውን በተመለከተ፦ አይቀይሩት። ይህ አሠራር የተፈጠረው ሴንሰሩ የማይችለውን ክልል ለመሸፈን ስለሆነ፣ 11 ስቶፕ ብቻ የሚይዝ አሮጌ ካሜራ በሁለት ሁለት ስቶፕ በተራራቁ ሦስት ፍሬሞች ከአዲሱ ካሜራ አንድ ፍሬም ይበልጣል። መስፈርቱ ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ በማንዋል መሥራት፣ ሮው መመዝገብና ትራይፖድ ላይ መቀመጥ። ስልክም ቢሆን ፕሮ የሚባለው ሁነታ ካለው፣ ሮው ፋይልም ካስቀመጠ ያገለግላል፤ የአብዛኞቹ ስልኮች አፐርቸር የማይለወጥ በመሆኑ እንዲያውም አንድ ጥንቃቄ ይቀንስልዎታል። ለካሜራ ያሰቡት ገንዘብ ካለ ከባድ ትራይፖድ ይግዙበት። ከፕላስቲክ የተሠራ ቀላል ትራይፖድ በጅሬን ነፋስ ይንቀጠቀጣል፤ ሌላ እስኪገኝ ድረስ መሃሉ ላይ ቦርሳዎን አንጠልጥለው፣ መካከለኛውን ምሰሶ ዝቅ አድርገው፣ በሪሞት ያንሱ።